«መጣሁ» ብዬ የወጣሁ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ትዕግሥት በሬን አንኳኳች። የየካ ሚካኤሉ ቤታችን ለመንገድ ተብሎ ከፈረሰ ወዲህ የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትዕግሥት ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ሦስት አልሞላውም። ባሏ ካናዳ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁን የእነሱም ቪዛ መጥቶ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳሉ።

«እትዬ ዓለም፣ ተኝተው ነበር እንዴ? ይቅርታ» አለች በሩ ላይ እንደቆመች። «እርስዎ ድሮ ሕፃናት ይዘው በአውሮፕላን ሄደው ያውቃሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ እኮ ከባሕር ዳር አልፌ አላውቅም። ብቻዬን ከሁለት ልጅ ጋር እንዴት ነው የምሆነው? እንቅልፍ አጣሁ።»

አስገባኋትና የማውቀውን ነገርኳት። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ጆሯቸውን ስለሚያማቸው ከረሜላ ስጫቸው አልኳት። ቅያሪ ልብስ ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ላንቺም በእጅሽ ያዢ፣ ሲያስመልሳቸው አንቺ ላይ ነውና። ሽንት ቤቱ ውኃ ሲለቅ እንደ ነጎድጓድ ስለሚጮህ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አውሮፕላን የምትቀይሩበት ቦታ ስትደርሱ ትንሹን እዘዪው፣ የትልቋን እጅ አትልቀቂ። ትዕግሥት ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈችው። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝና «የእርስዎ ልጆች ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። የእህቴ ልጆች ናቸው አልኳት። «ይኼኔ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋላ!» አለች። ሆነዋል አልኳት። በሩን ዘጋሁና ሳሎኑ ውስጥ ቆምኩ፤ እስኪመሽ ድረስ ምንም ሥራ አልሠራሁም።

የዚያን ጊዜውን የካ ሚካኤል አሁን ለሰው ባወራው የሚያምነኝ አይገኝም። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቁልቁለቱ ላይ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፤ ወላጆቻችን ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለሰብለ ትተውልን የሞቱት። ዝናብ ሲዘንብ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ከነጭጋጉ እስከ ጓዳችን ይወርድ ነበር። ማለዳ ማለዳ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች፣ ሸክሙ መንገዱን ሞልቶት ስለሚያልፍ፣ ልጆች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ያሳልፏቸዋል። መታጠፊያው ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ አዲስ ካሴት በወጣ ቁጥር አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግመው፣ ሰፈርተኛው ሳይገዛው ግጥሙን በቃሉ ይይዘዋል። ከካሴት ቤቱ አጠገብ የአንድ የጉራጌ ሰው ሱቅ ነበር፤ ዳቦ በሳንቲም፣ ስኳር በኩባያ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ብስኩት በፍሬ ይሸጥልናል። ከመገናኛ በታክሲ ስመጣ አንድ ብር ሰጥቼ መልስ እቀበል ነበር፤ ያ መልስ የልጆቹ ብስኩት ነው። አሁን ያንን መንገድ በታክሲ ሳልፈው የቱ ጋ እንደነበርን ለማወቅ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት መፈለግ አለብኝ፤ እሱም በሕንፃዎቹ መሃል ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ትከሻው ሰፊ ኮትና ሽንሽን ጉርድ የሚለበስበት ዘመን ነው፤ ጣቶቼ ሁልጊዜ በካርቦን ወረቀት ይጠቁራሉ። ሰብለ ነርስ ነበረች። ባሏ በድንገተኛ ሕመም ሲሞትባት ሜሮን ሁለት ዓመቷ፣ አቤል ገና ሆድ ውስጥ ነበር። አቤል ስምንት ወር ሲሞላው ስዊድን ለስድስት ወር ሥልጠና ተላከች። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ደወለችልኝ። «እታለም፣ ብመለስ ምን እሆናለሁ? በዚህ ደሞዝ ሁለት ልጅ? ወረቀት እስካገኝ ያዢልኝ» አለች እያለቀሰች። እኔም እሺ አልኳት። ወረቀቱ ሦስት ዓመት ከምናምን ወሰደ።

ሦስት ዓመት ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሕፃን ግን ዕድሜው ሙሉ ነው። አቤል ጥርስ ያወጣው፣ የቆመው፣ አፉን የፈታው እኔ ጋ ነው። ሜሮን እናቷን ታስታውሳለች፤ እኔንም ሰብለ እንደምትጠራኝ «እታለም» ትለኛለች። አቤል ግን «እማ» ነው የሚለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ «እማ አይደለሁም፣ አክስትህ ነኝ፣ እማ ይቺውልህ» እያልኩ ግድግዳው ላይ ያለውን የሰብለን ፎቶ አሳየው ነበር። ኋላ ተውኩት። እውነቱን ልናገርና ደስ ስለሚለኝ ነው የተውኩት። ከሥራ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጫማው ወልቆ እየቀረ ይሮጥ ነበር። በዚያ ጊዜ የሚፈልገኝ ሰው ነበር፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ። «ልጆቹ ይድረሱና» እያልኩ አቆየሁት፤ እሱም ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ። ብዙም አልከፋኝም ነበር፤ ቤቴ ባዶ እንደሚሆን ገና አልገባኝማ።

ቪዛቸው ሲመጣ ሕፃናቱ ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ አድራሽ ተፈለገ። ሰብለ ለመምጣት ወረቀቷ አይፈቅድላትም። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ መሥሪያ ቤቴ የወር ፈቃድ ሰጥቻታለሁ፣ ትመለሳለች ብሎ ጻፈልኝ፤ ኤምባሲውም አመነኝ። መገናኛ ፎቶ ቤት ወስጄ አነሳኋቸው፤ አቤል መብራቱ ቦግ ባለ ቁጥር እያለቀሰ ፎቶ አንሺው አራት ጊዜ ደጋገመለት። ለሜሮን ቀይ፣ ለአቤል ሰማያዊ ሹራብ በእጄ ሠራሁላቸው። ጎረቤት ሁሉ ለሰብለ ብሎ ያመጣው ሽሮና በርበሬ ሻንጣውን ሞላው። አቤል አቅፎኝ ተኝቶ «እዚያ ስንሄድ አንቺ የቱ ጋ ነው የምትተኚው?» ሲለኝ «አንተ አጠገብ» እለዋለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ለአንድ ወር እውነት ነበር። ከወሩ በኋላ ስላለው አላሰብኩም፤ ማሰብ ሲመጣብኝ ሹራቡን አንስቼ እሠራለሁ።

ጠዋት ነበር የተነሳነው። የድሮው ቦሌ፣ ሸኚው ሁሉ በነጠላው ዓይኑን እየጠረገ የሚቆምበት ቦሌ። ጎረቤቶቻችን ሚኒባስ ተኮናትረው መጥተው ነበር። ሜሮን መስኮቱ ጋ፣ አቤል ጭኔ ላይ ተቀመጡ። አውሮፕላኑ ሲነሳ አቤል ጆሮውን ይዞ ጮኸ፤ እኔም ያመኝ ስለነበር አብሬው ለመጮህ ምንም አልቀረኝም። ከረሜላ ያመጣችልን አስተናጋጇ ናት፤ እኔ ምን አውቄ። ሜሮን ወደ ታች እያየች «እታለም፣ ያ እንጦጦ ነው?» አለችኝ፤ ደን ያለበት ተራራ ነበር፣ አዎ አልኳት። ወዲያው አቤል ቁርሱን በሙሉ አዲሱ ቀሚሴ ላይ መለሰው። ቅያሪ አልያዝኩም፤ እንዲያው በወረቀት ጠርጌው በዚያ ሽታ ውስጥ አቅፌው ዋልኩ። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ስንቀይር፣ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ አልሄድም ብሎ ተቀመጠ፤ ከኋላችን ያለው ሰው እየገፋን ያልፋል። አዘልኩት። በነጠላ አዝዬው፣ በአንድ እጄ ቦርሳውን፣ በሌላው ሜሮንን ይዤ ያንን የመስታወት አገር ዳር እስከ ዳር አቋረጥኩት። ሰው ዞር ብሎ ያየን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብርቱ ሆኜ አላውቅም።

ሰብለ አበባ ይዛ ትጠብቀን ነበር። ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። ሜሮን ትንሽ አየቻትና ሄዳ ሳመቻት። አቤል ግን አንገቴ ሥር ገባ። ሰብለ እጇን ዘርግታ «አቤልዬ፣ እማ ነኝ» ስትለው ፊቱን እንደቀበረ «እማ ይቺ ናት» አለና ደረቴን በእጁ መታ መታ አደረገው። ሰብለ ሳቀች። ሳቋን እያየሁ ምነው ባልመጣሁ አልኩ።

ቤቷ ሁለት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለልጆቹ አልጋ፣ መጫወቻ፣ የብርድ ልብስ፣ ሁሉን አዘጋጅታለች። የሦስት ዓመት ደሞዟን እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የጨረሰችው። አቤል አልጋው ላይ አልተኛም። ስታጎርሰው አፉን ይዘጋል፤ እኔ ሳጎርሰው ይበላል። ሰባተኛው ቀን ላይ ልታጥበው መታጠቢያ ቤት ይዛው ገባች። «እማ! እማ! ሴትዮዋ ነካችኝ! ሴትዮዋ!» እያለ ሲጮህ ሕንፃው ሁሉ ሰማ። ሮጬ ስገባ ራቁቱን መጥቶ ተጠመጠመብኝ። ሰብለ እጅጌዋ እንደረጠበ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ክንዷ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ አልን። «እታለም» አለች፣ ጠረጴዛውን እያየች። «ያሳደግሽልኝን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። እኔ አልከፍልሽም፣ አልችልም። ግን ጊዜሽን አሳጥሪልኝ።»

«ሦስት ሳምንት አለኝ እኮ ገና» አልኳት።

«እሱን ነው የምልሽ። አንቺ እዚህ እስካለሽ ድረስ እኔ ሴትዮዋ ነኝ። ሁለት እናት አይኖርም እታለም።»

ተናደድኩ። የት ነበርሽ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እጆቿን አየሁ፤ የሆስፒታል ሳሙና ሰነጣጥቋቸዋል። በዚያ ብርድ የሰው ሽማግሌ እያጠበች የገዛችውን አልጋ አሰብኩና ዋጥኩት። «እሺ፣ ነገ ቁጭ አድርጌ ልንገራቸው» አልኳት። «አትንገሪያቸው! ከነገርሻቸው መቼ ይለቁሻል? ሲጫወቱ ዝም ብለሽ ውጪ፣ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። ሕፃን ይረሳል» አለችኝ። ሕፃን ይረሳል። ሁላችንም የምንለው ነው። እኔ ደግሞ እሺ ያልኳት ስላመንኳት ብቻ አይደለም፤ እሄዳለሁ ስለው የሚሆነውን ፊት ማየት ፈርቼ ነው።

ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሻንጣዬ አስቀድሞ ወርዷል፤ የሰብለ ጓደኛ መኪና ይዛ ታች ትጠብቀኛለች። አቤል ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ ምንጣፉ ላይ መኪናዎቹን ይደረድራል። ኮቴን ስለብስ ቀና አለ። «እማ፣ የት ነው?»

«ዳቦ ልገዛ።»

«እኔም።»

«ብርድ ነው። አንተ መኪኖችህን ጠብቅ። መጣሁ፣ እሺ?»

«እሺ። ቶሎ።»

በቋንቋችን የሚሄድ ሰው «መጣሁ» ይላል። ስንቴ ብዬዋለሁ፤ ወደ ሱቅ ስሄድ፣ ወደ ውኃ ስሄድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፤ ሁልጊዜም መጥቻለሁ። አቤልም ስለዚህ አልተጠራጠረም፣ ተመልሶ ወደ መኪናዎቹ አጎነበሰ። ሜሮን ግን መስኮቱ ጋ ቆማ ታየኝ ነበር። ሰብለ ፊቷን አዙራ ሳህን ታጥባለች። ደረጃውን ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ እዚያ ላይ የቆምኩት ነው። ዐሥራ ምናምን ደረጃ ብቻ ነበር፤ ተመልሼ መውጣት እችል ነበር። ወረድኩ።

የካ ሚካኤል ስደርስ ጎረቤቶቼ ለምን ቶሎ መጣሽ አሉኝ። ብርዱ አልተስማማኝም አልኳቸው። ቤቱ ውስጥ የአቤል አንድ እግር ካልሲ ከአልጋ ሥር ወጣ። የሱቁ ሰውዬ ሳይጠየቅ ብስኩት ሊሰጠኝ እጁን ሰዶ፣ ትዝ ሲለው መለሰው። ከሥራ ስመለስ ቁልቁለቱን ላለመውረድ በላይ በኩል ዞሬ እሄድ ጀመር፤ ዝናብም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን በዚያ ነው። ዓመት ሙሉ እንዲያ አደረግኩ።

ሰብለ በየሁለት ሳምንቱ ትደውል ነበር። ደህና ናቸው፣ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ቋንቋ ለመዱ። አቤልን አገናኚኝ ስላት ተኝቷል ትለኛለች፤ ውጪ ነው ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ደውላልኝ ስልኩን ትታ ዞር ስትል ሜሮን አነሳችው፤ «እታለም፣ አቤል አይናገርም እኮ» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት ስልኩ ተቋረጠ። ኋላ ሰብለ ትንሽ ጊዜ ነው፣ ሐኪሙ ያልፋል ብሏል አለችኝ። ከዚያ ጥሪው በወር ሆነ፤ ከዚያ በዓል በዓል ሲመጣ። ልጆቹ አደጉ፤ ፎቶ ይመጣል፤ አቤል ረጅም ሆነ፣ ጢም አወጣ፣ በየፎቶው ላይ ዳር ነው የሚቆመው። ድጋሚ ቪዛ ጠይቄ አልሰጡኝም። ጡረታ ወጣሁ። ቤቱ ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሰብለ በካንሰር ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። እኔ እዚህ ድንኳን ጥዬ፣ ብዙዎቹ ሰብለን የማያውቋት ጎረቤቶቼ አስተዛዘኑኝ።

አምና ጥር ላይ ሜሮን መጣች። ብቻዋን፣ ልጆቿን እዚያው ትታ። ከቦሌ ስትወጣ ያወቅኋት በእናቷ አረማመድ ነው። አማርኛዋ የስድስት ዓመት ልጅ አማርኛ ነው፤ ያኔ በሄደችበት ቀን ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት «ውሃ ጠማኝ፣ ስጪኝ» ስትለኝ ልቤ ይሰነጠቃል። ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ተቀመጠች። የካ ሚካኤልን አሳይኝ አለችኝ፤ ወሰድኳት፤ ቤታችን የነበረበት አስፋልት ነው፤ እዚያ ጠርዝ ላይ ቆማ ቁልቁለቱን ትፈልጋለች። «ትልቅ ነበር» አለች። አዎ፣ አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ ነው አልኳት።

ከዚያ እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ መሃል አንድ ግንድ ላይ አረፍን፤ እኔ እንደ ድሮው አልችልም። አዲስ አበባ ታች ተዘርግታለች፤ ግማሹ ክሬን፣ ግማሹ ጢስ። ስለ አቤል ጠየቅኋት። ከመጣች ጀምሮ የፈራሁት ጥያቄ ነበር።

«አቤል ሰሜን ነው፣ ሩቅ። ብቻውን። ትልቅ መኪና ይነዳል» አለችኝ። «ያኔ አንቺ ስትሄጂ በሩ ጋ ተቀመጠ። እማዬ ስታነሳው ይመለሳል። በሩ ጋ ይተኛል። ብዙ ቀን። ከዚያ ማውራት ተወ። ስምንት ወር። ሲያወራ ስዊድንኛ አወራ። አማርኛ በፍጹም። እማዬን፣ እስክትሞት ‹ሰብለ› ነው የሚላት። ‹እማ› አላላትም። ሆስፒታል ውስጥ ለመነችው፤ አንድ ቀን በለኝ አለችው። አቃተው። መጥፎ አይደለም እኮ፤ አቃተው።»

ሰብለ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። በየበዓሉ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው።

«እታለም» አለች ሜሮን። «እኔ አውቄ ነበር። ጥሩ ጫማሽን አድርገሽ ነበር። ለዳቦ ጥሩ ጫማ አይደረግም። አየሁት፣ አወቅኩ፣ ለአቤል ግን አልነገርኩትም። ነግሬው ቢሆን ይሮጥ ነበር። ይይዝሽ ነበር።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ! ሕፃን ነበርሽ!» አልኳት። ልትሰማኝ አልፈለገችም።

«ለምን እውነቱን አልነገርሽንም?»

እናታችሁ ናት አትንገሪ ያለችኝ ማለት እችል ነበር። ሰብለ አፈር ውስጥ ናት፤ እዚያም ልጇ እማ ሳይላት ነው የገባችው። ምን ልጨምርባት? «ብነግራችሁ አትለቁኝም ነበራ» አልኳት።

«ባንለቅሽስ?» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ባይለቁኝስ? ሦስቱን ሳምንት ብቀመጥ፣ ቢያለቅስ፣ እናቱ እያየች ባባብለው፣ ቀስ በቀስ ከእኔ እጅ ወደ እሷ እጅ ባሳልፈው? ወይም ጭራሽ ብቀርስ? ከታች ሁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ ሜሮን ተነስታ መንገድ ለቀቀችላቸው፤ ከዚያ ወደ መኪናው ወረድን።

የሄደች ዕለት ቦሌ ሸኘኋት። አሁን ሸኚ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ውጪ ነው የሚቀረው። ሻንጣዋን አቁማ አቀፈችኝ። እኔም አፌ እንደለመደው «በሚቀጥለው ስትመጪ አቤልን ይዘሽው ነይ፣ ልጆችሽንም አምጪያቸው» አልኳት። ትከሻዬን ይዛ ትንሽ ራቅ አድርጋ አየችኝ፤ ቃላቱን ትፈልጋለች፣ ስታገኛቸውም አንድ በአንድ ነው ያወጣቻቸው።

«እታለም፣ አቤል አይመጣም። እኔም ተመልሼ አልመጣም። እዚህ ስሆን እንቅልፍ የለኝም፣ ያኔ መስኮት ጋ ያለሁ ይመስለኛል። ልጆቼ ትንሽ ናቸው፣ እንደዚህ ሆኜ አልችልም። እወድሻለሁ። ግን አልመጣም። ፊትሽን እያየሁ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«እሺ ልጄ» አልኳት። «ደግ አደረግሽ።»

መታወቂያ ወደሚያዩት ሰዎች ሄደች። አንዴ ዞራ እጇን አነሳች፤ ሁለተኛ አልዞረችም፤ እንደማትዞርም አውቄው ነበር። እኔም ወደ አያት የሚሄድ ታክሲ ፈለግኩ።